የሮም ፋሲካ በእኛ ሆሣዕና ቀን ለምን ዋለ?

ጥያቄ፦ «የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ታናሽ እኅቴ ሮም ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትኖራለች። ዘንድሮ መጋቢት 27 ቀን፣ እኛ የሆሣዕናን ዘንባባ በራሳችን ላይ አስረን ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ስልክ ደውላ ‹እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ› አለችን። እናታችን ደነገጠች፤ ‹ልጄ ጾሙን ሽራው ይሆን?› እያለች እስካሁን አልተጽናናችም። አምና ግን ከእኅቴ ጋር በአንድ ቀን ነው ያከበርነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ትክክለኛውስ የማን ነው? ደግሞ እንቁላል መቀባቱንና ጥንቸሉን ከትንሣኤ ጋር ምን አገናኘው?»

መልስ፦

በእናትዎ ድንጋጤ እጀምራለሁ፤ የቀረው ሒሳብ ነውና ቢዘገይ አይጎዳም። በጣሊያን አገር ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ፋሲካ የዋለው መጋቢት 27 ቀን እሑድ ሲሆን፣ ማግስቱ ሰኞም ሥራ የሚዘጋበት በዓል ነው። በሰው አገር የምትኖር ሴት ዙሪያዋ ሁሉ የደስታ ሰላምታ ሲለዋወጥ እየሰማች፣ የቤቱም ሰዎች ወደ ማዕዳቸው እየጠሯት፣ ወደ እናቷ ደውላ እንኳን አደረሳችሁ ብትል ከናፍቆት እንጂ ከሌላ አይቆጠርባትም። በዚያው በሮም የሚኖሩት ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ግን እንደ እኛው ሆሣዕናን መጋቢት 27፣ ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ቀን ነው ያከበሩት። እኅትዎ ጾሟን ጠብቃ ከሆነ፣ ወይም ሳትጠብቅ ቀርታ ከሆነ፣ ያን የምታውቀው እርሷና የንስሐ አባቷ ናቸው። እኔ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት፣ መምህር ነኝ፤ ሥራዬ ቁጥር ስለሆነ ከዚያ ደጃፍ አልገባም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ብዙ ሰው የሁለቱን ወገኖች ልዩነት የሕግ ልዩነት አድርጎ ያስበዋል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። በመጋቢት መዓልትና ሌሊት ከሚተካከሉበት ቀን ወዲህ ጨረቃ በመጀመሪያ ሙሉ ስትሆን፣ ከዚያች ሙሉ ጨረቃ ቀጥሎ የሚመጣው እሑድ ትንሣኤ ይሆናል። ጨረቃዋ ራሷ በእሑድ ቀን ብትሞላ እንኳ በዓሉ ወደሚቀጥለው እሑድ ይሻገራል። ሮምም ደብረ ብርሃንም የሚታዘዙት ለዚህ ነው። የሚለያዩት «መዓልትና ሌሊት የተካከሉት መቼ ነው? ጨረቃዋስ የሞላችው መቼ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ፣ እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ገልጦ ስለሚመልስ ነው።

ይህ ሕግ ከመጽናቱ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው የሰፋ ነበር። በታናሽ እስያ የነበሩ ክርስቲያኖች ፋሲካን ከአይሁድ ጋር ጨረቃ በገባች በ14ኛው ቀን፣ ዕለቱ ሰኞም ይሁን ዓርብ፣ ያከብሩ ነበር፤ ሮም ደግሞ ከእሑድ አትነቀነቅም ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰምርኔሱ ኤጲስ ቆጶስ ፖሊካርፐስ ወደ ሮም ወርዶ ከሮሙ ኤጲስ ቆጶስ ከአኒቄጦስ ጋር ስለዚሁ ተነጋገረ። አንዱ ሌላውን ማሳመን አልቻለም፤ ሆኖም በአንድነት ቈርበው በሰላም ተለያዩ። ይህን ታሪክ ለእናትዎ ቢያነቡላቸው ከእኔ ስሌት ሁሉ የበለጠ ያሳርፋቸዋል ብዬ አስባለሁ። በኋላ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ሁሉም በአንድ እሑድ እንዲያከብር ወሰኑ፤ በሥነ ፈለክ የታወቀችው እስክንድርያም የስሌቱ መሪ ሆነች። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ከዚያው ከእስክንድርያ የወረደ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ድርሰቱን ለመንበረ ማርቆስ 12ኛ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣሉ።

እኔ ይህን ትምህርት የቀመስኩት በልጅነቴ መንዝ ውስጥ ነው። መምህራችን ባቄላ ዘርግተው ሠላሳ ሠላሳውን እያስገደፉ ያስቆጥሩን ነበር። «መግደፍ» በባሕረ ሐሳብ ቤት ጾም መሻር ማለት አይደለም፤ ከብዙ ቁጥር ውስጥ ሙሉ ዙሩን ጥሎ ትርፉን መያዝ ማለት ነው። ስለዚህ በሁዳዴም ቢሆን ያለ ኃጢአት ስንገድፍ እንውላለን እያልን እንስቅ ነበር። የዘንድሮውን ስሌት አብረን እንሥራው፤ እርሳስና ወረቀት ያለው ሰው ሁሉ የሚችለው ነው።

ከፍጥረተ ዓለም እስከ ልደተ ክርስቶስ 5500 ዘመን ይቆጠራል፤ 2018 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህን በ19 ሲገድፉት 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። ገና ላላለቀው ዘመን አንድ ተቀንሶ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ነው። በ19 የሚገደፈው ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ወደ ተነሡበት ስለሚመለሱ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይተካከላልና። ቀጥሎ ወንበሩን በ11 እናበዛዋለን፤ ምክንያቱም 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ብቻ ስለሆኑ ጨረቃ በየዓመቱ ከፀሐይ 11 ቀን ወደ ኋላ ትቀራለች። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፤ የዘንድሮ አበቅቴ 12 ነው። ያንኑ ወንበር በ19 ስናበዛው 228፣ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ተማሪው አንድ ባቄላ በልቷል ማለት ነው።

መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል። 18 ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ቀን ወጣ። ዓመቱ በሐሙስ ስለገባ መስከረም 18 እሑድ ነበረ። ለየዕለቱ የተመደበ ተውሳክ የሚባል ተጨማሪ ቁጥር አለ፤ የቅዳሜ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው። 18 ላይ የእሑድን 7 ስንጨምር 25 ሆነ፤ መባጃ ሐመር የሚባለው ይህ ነው። ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባ። ሰኞ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ ከመስከረም እስከ ጥር 120 ቀን፣ ማለትም 17 ሳምንትና አንድ ቀን ስላለ፣ የየዕለቱ ተውሳክ የተመረጠው ጾሙ ከሰኞ እንዳይወጣ ተብሎ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው መደመር ብቻ ነው። በ25 ላይ የዐቢይ ጾምን 14 ቢጨምሩ የካቲት 9፣ የሆሣዕናን 62 ቢጨምሩ መጋቢት 27፣ የትንሣኤን 69 ቢጨምሩ ሚያዝያ 4 ይመጣል።

የሮም ሰዎችም እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ከዚሁ ጋር የሚገጥም ስሌት ነበራቸው። ችግሩ የተወለደው ከፀሐይ ነው። የእኛም የጥንቱ የሮማውያንም ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ነው ተብሎ የተወሰነ ሲሆን፣ እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚያ 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። 11 ደቂቃ ለአንድ ሰው ዕድሜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በ128 ዓመት ገደማ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ሊቀ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. የተጠራቀመውን 10 ቀን በአንድ ሌሊት ሰረዙት፤ ኦክቶበር 4 ብሎ የተኛ ሮማዊ ሲነቃ ኦክቶበር 15 ሆኖ አገኘው። የጨረቃውንም ሠንጠረዥ አብረው አረሙት። ዛሬ በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለው የፀሐይ ልዩነት 13 ቀን ደርሷል። በእኛ መዝገብ መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 25 ቀን ነው፤ ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ ሊውል የማይችለውም በዚህ የተነሣ ነው። በእነርሱ መዝገብ ወሰኑ ከመጋቢት 13 እስከ ሚያዝያ 17 ነው። ልክ 13 ቀን ቢያንሸራትቱት አንዱ በሌላው ላይ ይገጥማል።

በዚህ ላይ የጨረቃዋ ልዩነት ይጨመራል፤ ጨረቃችን በሠንጠረዡ ላይ የምትሞላው ሰማይ ላይ ከሞላች ከአራት ቀን በኋላ ያህል ነው። ዘንድሮ ሰማይ ላይ የሞላችው መጋቢት 24 ቀን ሐሙስ ሌሊት ነበር፤ ከገጠር የመጣ ሰው ሁሉ ያየው ነው። ሮም ያችን ይዛ ቀጣዩን እሑድ፣ መጋቢት 27ን፣ ፋሲካ አለች። በእኛ ሠንጠረዥ ግን የሞላችው መጋቢት 28 ቀን ሰኞ ስለሆነ ቀጣዩ እሑድ ሚያዝያ 4 ሆነ። የእኅትዎ ስልክ በሆሣዕና ቀን የጮኸው በዚህ ምክንያት ነው።

አምና እንዴት ገጠመ ቢሉ፣ በ2017 የሮም ሙሉ ጨረቃ ሚያዝያ 5 ቀን እሑድ፣ የእኛዋ ሚያዝያ 9 ቀን ሐሙስ ነበረች። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሞሉ ከሁለቱም ቀጥሎ የሚመጣው እሑድ ያው ሚያዝያ 12 ሆነ። የኒቅያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመት የታሰበበት ጊዜ ስለነበር ለብዙዎች ደስ የሚል መገጣጠም ነበር። በ2016 ደግሞ ሮም መጋቢት 22 ቀን አክብራ እኛ ሚያዝያ 27 ነው ያከበርነው፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ማለት ነው። የሮም ጨረቃ መጋቢት 16 ቀን ስትሞላ በእኛ መዝገብ መዓልትና ሌሊት ገና አልተካከሉም ነበርና ያችን ጨረቃ አልፈን ቀጣይዋን መጠበቅ ነበረብን። በዘመናችን ልዩነቱ ወይ የለም፣ ወይ አንድ፣ ወይ አራት፣ ወይ አምስት ሳምንት ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት አይሆንም።

«ትክክለኛው የማን ነው?» ለሚለው የምመልሰው የግሌን አስተያየት ነው። ሰማይን ለማየት ብቻ ከሆነ የሮም መዝገብ ይቀርባል፤ ይህን መካድ የባሕረ ሐሳብ መምህር ክብር አይደለም። ነገር ግን የኒቅያ አባቶች የፈለጉት የሰማዩን ደቂቃ መያዝ ሳይሆን ምእመናን አብረው እንዲጾሙና አብረው እንዲፈስኩ ነበር፤ ሮም ብቻዋን ያረመችውን ሌሎቹ ተከትለው አላረሙትምና አንድነቱ ተከፈለ። በእኛም በኩል «እነርሱ ከአይሁድ ፋሲካ ይቀድማሉ» የሚል ክስ ይሰማል፤ በ2016 በእርግጥ ቀድመዋል፤ ዘንድሮ ግን አልቀደሙም፤ ስለዚህ ክሱን በየዓመቱ እንዳለ መድገም ተገቢ አይደለም። ማስማማት የሞከሩም አሉ። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1928 እ.ኤ.አ. ፋሲካን በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ማግስት የሚያቆም ሕግ አጽድቆ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ሳያውለው ቀርቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. በሶርያዋ ሐለብ የተሰበሰቡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችም ጨረቃዋና ፀሐይዋ በኢየሩሳሌም ሰማይ እንደሚታዩ ሆነው በሥነ ፈለክ እንዲሰሉ ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ እርሱም ሐሳብ ሆኖ ቆይቷል።

ብቻችንን እንዳልሆንን እናትዎ ይወቁ። ሚያዝያ 4 ቀን ግብጻውያን፣ ግሪኮች፣ ሩስያውያን፣ ሰርቦችና ሮማንያውያን ኦርቶዶክሶች ሁሉ ከእኛ ጋር አክብረዋል። ግሪኮች ልደትን ከምዕራባውያን ጋር ሲያከብሩ ፋሲካን ግን አልለቀቁም፤ የፊንላንድ ኦርቶዶክሶች ግን ከምዕራባውያን ጋር ያከብራሉ። በእኛም አገር ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው በዚሁ በአገሩ ቀን ነው የሚያከብሩት። ግብጽ ውስጥ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ከቅብጦች ትንሣኤ ማግስት ያለው ሰኞ «ሸም ኤል ነሲም» የሚባል የሕዝብ በዓል ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወደ አባይ ዳርና ወደ መናፈሻ ወጥቶ ጨው የበላ ዓሣ፣ ሽንኩርትና ቀለም የተቀባ እንቁላል ይበላል። ባቄላ እየቆጠርን የተማርነው ስሌት የካይሮን መሥሪያ ቤት ይዘጋል ማለት ነው።

እንቁላሉን ካነሣን በእርሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየአገሩ የሚታየው የፋሲካ ልማድ እንግዳ የሚመስለን ምንጩን ስለምንረሳው ነው። ዶሮ ጾም አታውቅም። ሰው በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል ቢተውም እርሷ መጣሏን አትተውም። በእኛ አካባቢ ከጾሙ እንቁላል ከፊሉን እናቶች ያስታቅፉታል፣ ከፊሉን ለገበያ ይሰዱታል፣ የተረፈው ተቀቅሎ በፋሲካ ሌሊት የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ይገባል። በጥንት ዘመን የምዕራቡም ጾም ወተትና እንቁላል የሚከለክል ስለነበር በየቤቱ የተከማቸው እንቁላል የሚበላው በፋሲካ ነበር፤ ለበዓል የሚበላን ነገር ማስጌጥ ደግሞ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1290 እ.ኤ.አ. ለፋሲካ 450 እንቁላል ገዝተው በወርቅና በቀለም አስጊጠው ለቤተ መንግሥት ሰዎች ማደላቸው በወጪ መዝገባቸው ተጽፏል። ምዕራባውያን የጾሙን ጥብቅነት ቀስ በቀስ አላሉት፤ እንቁላሉ ግን ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ቀረ። በመጨረሻም ቸኮላታ ሆነ።

ግሪኮች ዘንድ ምክንያቱ አሁንም ሕያው ነው። በጸሎተ ሐሙስ እንቁላሉን ቀይ ይቀቡታል፤ ቀዩ የክርስቶስ ደም፣ ቅርፊቱ የተዘጋው መቃብር ነው ይላሉ። በትንሣኤ ሌሊት አንዱ የሌላውን እንቁላል በእንቁላሉ ጫፍ እየመታ ይሰብራል፤ «ክሪስቶስ አኔስቲ» ሲል ሌላው «አሊቶስ አኔስቲ» ብሎ ይመልሳል። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ የሚቀበል የእኛ ሰው፣ ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩን ይረዳዋል። እንደ እኛው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ወደ ማዕድ የሚቀርቡት፤ ከበጉ የሆድ ዕቃ የተሠራ ሾርባ ጾም የከረመውን ሆድ ያለሰልሳል። እኛ ጋ በአክፍሎት የሰነበተ ሰው በብዙ ቤት በቅድሚያ ተልባ እንደሚሰጠው ማለት ነው። ስለ ዶሮ ወጣችን አንድ ነገር ልጨምር፤ 12ቱ ብልት የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቢላዋ መያዝ የሚያውቁ እናቶች የዶሮዋን መገጣጠሚያ እየተከተሉ ያገኙት ቁጥር ይመስለኛል፤ ምሳሌው ከኋላ የመጣ ነው።

ጥንቸሏ ከጾሙም ከወንጌሉም አትገኝም። እንቁላል የምታመጣ ጥንቸል በጽሑፍ የተጠቀሰችው በ1682 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ሲሆን፣ የተነገረውም ለልጆች ማጫወቻ እንደሚሆን ተረት ነው፤ ከጀርመን ስደተኞች ጋር ባሕር ተሻግራ አሜሪካ ገባች፤ ከዚያ ወደ ከረሜላ መደብር። ጥንቸል በማይበላበት በእኛ አገር ይህን ለአረጋውያን መንገር ሳቅ ያመጣል እንጂ ሃይማኖት አያናጋም።

እኅትዎ በሮም የምታየው ግን ከጥንቸሏ የላቀ ነው። በዓርብ ስቅለት ምሽት ሊቀ ጳጳሱ በጥንቱ ኮሎሲየም የመስቀሉን መንገድ ጸሎት ይመራሉ፤ በፋሲካ ቀትር ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሰገነት ለከተማዋና ለዓለም ቡራኬ ይሰጣሉ። በየቤቱ በርግብ ቅርጽ የተጋገረ ጣፋጭ ዳቦ ይቆረሳል፤ የሰኞው በዓል «ፓስኬታ» ይባላል፤ ሰው ሁሉ ስንቁን ይዞ ወደ መስክ ይወጣል። በፍሎረንስ ደግሞ በፋሲካ ጠዋት በነጭ በሬዎች የተሳበ ረጅም ሠረገላ ከካቴድራሉ ፊት ይቆማል፤ በገመድ ላይ የምትበር የርግብ ቅርጽ ያላት ርችት ከመንበሩ ተነሥታ ሠረገላውን ታቀጣጥለዋለች። ይህች ርግብ እኔን የቅዳም ሹርን ጠዋት ነው የምታስታውሰኝ፤ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» እያሉ ቄጤማ ሲያድሉ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በቅጠል ያበሠረችውን ርግብ ያነሣሉና። አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው አልልም፤ የጣሊያኑ የርግብ ዳቦ እንዲያውም የተስፋፋው ባለፈው መቶ ክፍለ ዘመን ከሚላኖ በገበያ በኩል ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። ፖላንድ ውስጥ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ወጣቶች ውኃ ይራጫሉ፤ ከጥምቀት ጋር የሚያያይዙት አሉ። በስፔን ሴቪያ በሰሙነ ሕማማት ማኅበርተኞች ፊታቸውን በሾጣጣ ቆብ ሸፍነው፣ ማንነታቸው ሳይታወቅ ንስሐቸውን እየፈጸሙ ይሰለፋሉ፤ ከባድ ምስለ ሥዕል ያለበትን መንበር ግን ከሥሩ ገብተው ለሰዓታት የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው። በጓቲማላ አንቲጓ ከተማ ቀለም በገባ የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዳናውን ሙሉ ምንጣፍ አድርገው ያነጥፉታል፤ ሌሊቱን የተሠራው በማለዳ በሚያልፈው ሰልፍ እግር ይጠፋል። በፊሊፒንስ በሚገኝ አንድ መንደር ዓርብ ስቅለት በእውነተኛ ምስማር የሚቸነከሩ ሰዎች አሉ፤ የአገሩ የካቶሊክ አባቶች ራሳቸው አይደግፉትም፤ እኔም በስግደቱና ካህኑ ከስግደት በኋላ በወይራ ቅጠል በሚያሳርፍብን ጥብጣብ ረክቻለሁ።

ስለ ኢየሩሳሌም ግን ቸኩዬ ማለፍ አልችልም። በቅዳሜ ቀትር የግሪኩ ፓትርያርክ ወደ ጌታ መቃብር ገብተው ችቦ አብርተው ይወጣሉ፤ እሳቱ ከጧፍ ወደ ጧፍ በጥቂት ደቂቃ ቤተ መቅደሱን ይሞላዋል፤ በዚያው ቀንም በአውሮፕላን አቴና ይደርሳል። የእኛ መነኰሳት የሚኖሩት ከዚያው ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሱልጣን በሚባለው ገዳም በትናንሽ የጭቃ ጎጆዎች ነው። በቅዳሜ ምሽት በጣሪያው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ጧፍ በእጅ እንደ ያዙ ይዞራሉ። ያን ምሽት በመንዝ ደግሞ ብርዱ በርኖስ ያስደርባል፤ የገብስ ጠላው ተጠምቆ በጉ ከደጅ ታስሮ፣ ጉልባን የበላ ሕፃን ሁሉ ዶሮ እስኪጮኽ እንቅልፉን እየታገለ ይጠብቃል። ሁለቱም ቦታ የሚዜመው በአንድ ልሳን፣ በግእዝ ነው።

ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ ይዘጋጁ። በ2019 መደቡ 14፣ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል፤ 7 ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ስለሆነ 8 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 15፣ ጾመ ነነዌም የካቲት 15 ነው። ትንሣኤያችን ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል፤ የሮም ፋሲካ ግን መጋቢት 19 ቀን፣ በእኛ መጻጉዕ እሑድ ነው። እኅትዎ የዚያን ዕለት ከደወለች የሁዳዴ እኩሌታ እንኳ አልደረሰምና ለእናትዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። በ2020 ግን ሁለቱም መዝገቦች ሚያዝያ 8 ቀንን ይሰጣሉ፤ እኅትዎ ፈቃድ መጠየቅ የምትችል ከሆነ ለዚያ ዓመት ትጠይቅ፤ በአንድ ቀን ማዕድ ትቀርባላችሁ።